ከአሻራ ማሽን ጋር የሚሰጠው የአቴንዳንስ ሶፍትዌር፦ ለቢሮ ሰራተኛ አሪፍ፣ ለሌሊት ሺፍት ግን ተጠንቀቁ

የአሻራ ማሽን ስትገዙ አብሮ በነጻ ስለሚጫንላችሁ የሰራተኛ መግቢያና መውጫ ሰዓት መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ነው የምጽፈው። እኔ የምሰራው ሶስት ሺፍት ያለው ፋብሪካ የሰው ሀብት ክፍል ነው፣ ወር በመጣ ቁጥር የሰራተኛውን ቀን ቆጥረን ለፔይሮል (ለደመወዝ ክፍያ) የምንልከው ከዚህ ሶፍትዌር ነው። የብራንዱን ስም መጥራት አልፈለግኩም፣ አሰራሩን ልንገራችሁ።

ጥሩ ጎኑ ብዙ ነው። መዝገብ ላይ ከመፈረም ጋር አይወዳደርም፣ አንዱ ለሌላው መፈረም ቀርቷል፣ መብራት ቢጠፋም ማሽኑ ውስጥ የተመዘገበው አይጠፋም፣ ኔትወርክ ከሌለ ደግሞ በፍላሽ ገልብጦ ኮምፒውተር ላይ መጫን ይቻላል። ሁሉም ሰራተኛችሁ ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ 11 ሰዓት የሚወጣ ከሆነ አትጨነቁ ተጠቀሙበት፣ ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየውን አርፋጅ ብለህ ቁጠር ካላችሁት በትክክል ይቆጥራል፣ አንድ ሰው ሁለት ሶስቴ ደጋግሞ ጣቱን ቢያስነካም መጀመሪያ የገባበትንና መጨረሻ የወጣበትን ይዞ ይሄዳል።

ችግሩ ያለው ሌሊት ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው እገሌ በዚህ ሰዓት ጣቱን አስነካ የሚለውን ብቻ ነው፣ መግቢያ ይሁን መውጫ የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው፣ እሱ ደግሞ ቀንን የሚቆርጠው በፈረንጅ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የሌሊት ሺፍት ሰራተኛ ምሽት 4 ሰዓት ሊሞላ ሲል ገብቶ ንጋት 12 ሰዓት ሲያልፍ ይወጣል፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሰኞ 21:52 መውጫ የለውም፣ ማክሰኞ 06:04 መግቢያ የለውም ይልና ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ያደረውን ሰው ሁለቱንም ቀን ቀሪ ያደርገዋል። መፍትሄ አለው፣ ሺፍቱን ስትሞሉ በሚቀጥለው ቀን እንደሚያልቅ መምረጥና የመግቢያና የመውጫ ፈቃድ ሰዓቱን ማጥበብ ነው፣ ለምሳሌ መግቢያ ከ21:00 እስከ 23:00፣ መውጫ ከ05:30 እስከ 08:00። ሺፍቱን ራሱ እንዲመርጥ የሚያደርገውን አማራጭ ግን አትክፈቱት፣ የሌሊቱ ሰው ሲወጣ ያስነካውን የጠዋቱ ሺፍት መግቢያ ብሎ ስለሚወስድ አዲስ ጣጣ ነው የሚያመጣው። ይሄን ያስረዳኝ ሻጭ እስካሁን አላጋጠመኝም፣ ጭነው ስልጠና ብለው ስም መመዝገብ ያሳዩና ይሄዳሉ።

ኦቨርታይሙም እንደዛው ነው። በአሰሪና ሰራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት የተሰራ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ነው የሚባዛው፣ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ የእረፍት ቀን በ2፣ የበዓል ቀን በ2.5። ሶፍትዌሩ የሚሰጣችሁ ግን አንድ ድምር ነው፣ 4 ሰዓት ኦቨርታይም ብሎ ያቆማል። በሰዓት 40 ብር የሚያገኝ ሰራተኛ ምሽት 2 ሰዓት ሺፍቱ አልቆ እስከ ሌሊቱ 6 ከሰራ ሁለቱ ሰዓት በ60 ብር ሁለቱ በ70 ብር ታስቦ 260 ብር ይገባዋል፣ ድምሩን እንዳለ በ1.5 ብታባዙት 240 ይሆናል፣ 20 ብር ከአንድ ምሽት ላይ ተቀነሰበት ማለት ነው። እኛ ጥሬ ሎጉን፣ ማለትም ማን በስንት ሰዓት ጣቱን እንዳስነካ የሚያሳየውን ዝርዝር፣ ወደ ኤክሴል አውጥተን እዛ ነው የምንከፋፍለው፣ አድካሚ ነው ግን የሰው ላብ ነው።

በዓል ላይም አንድ ነገር ልብ በሉ። እንቁጣጣሽን ሴፕቴምበር 11 ብላችሁ በየዓመቱ እንዲደጋገም ካደረጋችሁት ጳጉሜ 6 በምትሆንበት ዓመት ይሳሳታል፣ የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ነበር የዋለው። ኢድና አረፋ ደግሞ ጭራሽ ስለሚዞሩ በየዓመቱ በእጅ መሙላት ግድ ነው።

ይሄን ሁሉ የማካብደው ለምን መሰላችሁ፣ በአዋጁ አንድ ሰራተኛ በጽሁፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደ ወይም በድምሩ 5 ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ ከስራ ሊሰናበት ይችላል። ስለዚህ ሶፍትዌሩ ሳይወጣ ቀረ የሚለው እያንዳንዱ መስመር የሰው እንጀራ ነው፣ ሲስተሙ ነው ያለው ብሎ ሰራተኛን መመለስ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ፔይሮል ከመዘጋቱ በፊት ሪፖርቱን ፕሪንት አድርጋችሁ ለየክፍሉ ስጡ፣ ሰራተኛው ራሱ ይየው፣ ሰዓቱንም ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሩለት ምክንያቱም 07:52 የሚለውን ከቀኑ 7 ሰዓት ብሎ ነው የሚያነበው፣ ጠዋት 1:52 ብሎ ማን ያስባል።

ከ5 ኮከብ ለቢሮ 4፣ ለሺፍት 2 እሰጠዋለሁ። ልትገዙ ከሆነ ብር ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን ፊት ለፊታችሁ የሌሊት ሺፍት አስሞሉት፣ ማታ አንዴ ጠዋት አንዴ የነካ ሰው አድርጋችሁ ሪፖርቱን አስወጡት፣ ጥሬ ሎጉን ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻል እንደሆነም እዛው አይታችሁ አረጋግጡ።