ጋዚ ወይስ ሕርጊጎ፦ ነባሩን መጠበቅና አዲስ መትከል

በኬንያዋ የጋዚ ባሕረ ሰላጤ ነዋሪዎች 117 ሄክታር የማንግሮቭ (በባሕር ዳርቻ ጨዋማ ውሃ ውስጥ የሚበቅል ዛፍ) ደን ይጠብቃሉ። ደኑ አምቆ ለሚይዘው ካርቦን የሚሰጠውን የካርቦን ክሬዲት ብክለታቸውን ማካካስ ለሚፈልጉ እየሸጡ ገቢውን ለመጠጥ ውሃና ለትምህርት ቤት ያውሉታል። በምጽዋ አጠገብ በምትገኘው ሕርጊጎ ግን ሳይንቲስቱ ጎርደን ሳቶና የመንደሩ ሰዎች የተነሡት ከባዶ ዳርቻ ነው። የባሕሩ ውሃ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት ስለሚያንሰው፣ በየማንግሮቭ ችግኙ ሥር ማዳበሪያ የያዘ የተበሳ የፕላስቲክ ከረጢትና ቁራጭ ብረት ቀበሩ። ችግኙ ጸደቀ፤ ቅጠሉም የፍየልና የበግ መኖ ሆነ።

ለአየር ንብረት ሲባል ሚዛኔ ወደ ጋዚ ያደላል። አብዛኛው ካርቦን ያለው ከግንዱ ይልቅ በዘመናት በተከማቸው ጥቁር ጭቃ ውስጥ ነው፤ ደኑ ከተጨፈጨፈ በጭቃው የተከማቸውን ካርቦን አዲስ ችግኝ ቶሎ አይተካውም። ግጦሽ ለነጠፈበት የቀይ ባሕር አርብቶ አደር ግን ሕርጊጎን እመርጣለሁ።