አራት ኪሎ ያለው የኬሚስትሪ ቱቶሪያል እንዴት ነው ለምትሉኝ

ታናሽ ወንድሜን ለማትሪክ ብዬ አራት ኪሎ ፎቅ ላይ ያለ ቱቶሪያል ካስገባሁት 2 ወር ሆነው፣ ስለ ኬሚስትሪው ክላስ ብቻ ልንገራችሁ። ልጁ ሞል ሬሽዮ (ንጥረ ነገሮቹ ስንት ለስንት ሞል እንደሚዋሃዱ፣ ሞል ማለት የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ ነው) ሲባል ራሱን ነበር የሚያመው፣ ሁሌ ግራሙን በቀጥታ በኮኢፊሸንቱ (ከፎርሙላው ፊት ባለው ቁጥር) እያባዛ ይሳሳታል፣ ቁጥሮቹ የሞል እንጂ የግራም እንዳልሆኑ ቁጭ አድርጎ ያስረዳው ሰው አልነበረማ። አንድ ቅዳሜ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አየሁ። ቲቸሩ ናይትሮጅንና ሃይድሮጅን አሞኒያ ሲሰሩ 1 ለ 3 ለ 2 ብሎ ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈና 14 ግራም ናይትሮጅን ስንት ግራም አሞኒያ ይሰጣል ሲል ግማሹ ክላስ 28 ብሎ ጮኸ። እሱ አልተቆጣም፣ 14ን ለ28 (የ1 ሞል ናይትሮጅን ግራም ነው) አካፈለ ግማሽ ሞል፣ በ2 አባዛ 1 ሞል አሞኒያ፣ 1 ሞል ደግሞ 17 ግራም። ሃይድሮጅኑስ አለ፣ ግማሽ ሞል በ3 ሲባዛ 1.5 ሞል፣ ማለት 3 ግራም ነው፣ 14 እና 3 ሲደመር ያው 17! ወንድሜ ዞር ብሎ አየኝ፣ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብታዩት።

ክላሱ ግን በጣም ይጨናነቃል፣ ከኋላ ለተቀመጠ የታክሲ ጥሩምባው ድምፁን ይውጠዋል፣ ሊሚቲንግ ሪአክታንት ላይ ደግሞ ቸኩሏል፣ እሱን እኮ ነው ልጆቹ የሚወድቁበት፣ ሁለቱንም ወደ ሞል ቀይሮ የትኛው ቀድሞ እንደሚያልቅ ማየት ጊዜ ይፈልጋል። ዋጋው ትንሽ ከበድ ይላል ግን አልቆጨኝም። የምትሄዱ ከሆነ የጠዋቱን ያዙ፣ ከፊት ቦታ ይገኛል።