የኒፕል ውሃ ማጠጫ ለዶሮም ለጥንቸልም ይሆናል ወይ? ተጠቅሜ ያየሁትን ልንገራችሁ

ጓሮ ውስጥ ዶሮና ጥንቸል አብረው ለያዙ ሰዎች ብዬ ነው ምጽፈው። ይሄ ባልዲ፣ ጎማና ኒፕል (ጫፉ ላይ ያለችው ፒን ስትነካ ውሃ ጠብ ሚያደርግ ትንሽ መጠጫ) አንድ ላይ ሚሸጠውን ማጠጫ ቆየት ላለ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፣ ለዶሮ አይኔን ሳላሽ ግዙት እላለሁ፣ ለጥንቸል ግን ኒፕሉን ቀይራችሁ ነው።

ሻጮቹ ድካም ይቀንሳል ነው ሚሉት፣ ልክ ናቸው፣ ለኔ ግን ትልቁ ነገር ጉዝጓዙ ደረቅ መሆኑ ነው። ክፍት መጠጫ ሲሆን ዶሮዎቹ ሲጭሩ ገለባውም ኩሱም ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ዙሪያው ይጨቀያል፣ ከዛ ያ አይን ሚያቃጥል የአሞኒያ ሽታ ይመጣል፣ ኮክሲዲዮሲስም (ዶሮን ሚይዝ የአንጀት በሽታ ነው) ሚመቸው እንደዚህ አይነት ሙቀትና እርጥበት ነው። አሁን ከኒፕሉ ስር ያለውን ጉዝጓዝ ጨብጬ ስለቀው እፍስ ብሎ ይበተናል፣ በጣም ነው ደስ ሚለኝ።

አገጣጠሙ ላይ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ኒፕሉ ቀጥ ብሎ ወደታች መንጠልጠል አለበት፣ ትንሽ ካዘመመ ፒኗ ወደ ጎን ትደገፍና ቀኑን ሙሉ ጠብ ጠብ ስትል ትውላለች። ከፍታው ዶሮዋ ቆማ አንገቷን ሰገግ አድርጋ ምትደርስበት ይሁን፣ ዝቅ ካለ ከጎን እየነካች ግማሹን መሬት ላይ ነው ምታፈሰው። የባልዲው ክዳን አየር ካላስገባ ውሃው መውረድ ያቆማል፣ ከላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት፣ ከቧንቧ ጋር ደግሞ በቀጥታ አታገናኙት ምክንያቱም ኒፕሉ ለዝቅተኛ ግፊት ነው የተሰራው። ለማለማመድ ፒኗን በጣት ነካ እያደረጋችሁ ጠብታው እንዲንጠለጠል አድርጉ፣ ዶሮ ሚያብረቀርቅ ነገር ካየች ሳትነቁር አታልፍም፣ አንዷ ከጀመረች ሌሎቹ እሷን አይተው ይከተላሉ። እስኪለምዱ ግን የድሮውን መጠጫ አታንሱባቸው፣ እንቁላል ጣይ ዶሮ በቀን ሩብ ሊትር ገደማ ትጠጣለች ሲሞቅ ደሞ ከዛም በላይ፣ ውሃ ካጠራት እንቁላሉ ወዲያው ነው ሚቀንሰው።

ወደ ጥንቸሎቹ ስንመጣ አብሮ የሚመጣው ፕላስቲክ ኒፕል አይሆንም፣ ያኝኩታል። ከጎን ሚገጠም የብረት ኒፕል ፈልጉ፣ ጎማውም ጥርሳቸው እንዳይደርስበት ከሽቦው ራቅ ብሎ በውጪ በኩል ይሂድ። እንደዛ ከሆነ ጥሩ ነው፣ ከሳህን ሲጠጡ አገጫቸው ስር ያለው ጸጉር እየረጠበ ቆዳው ሚቆስልባቸው ጥንቸሎች አሉ፣ ያ ይቀራል። ምታጠባ እናት ግን በቀን ከ1 ሊትር በላይ ልትጠጣ ስለምትችል ጠብታ ብቻ አይበቃትም፣ ማትገለብጠው ከበድ ያለ ሳህን ጨምሩላት። ደሞ በየጠዋቱ እያንዳንዱን ኒፕል በጣታችሁ ጫን አድርጋችሁ እዩ፣ እባካችሁ ይሄን ቸል አትበሉት፣ የተደፈነ ኒፕል ከሚሰራው ጋር አይለይም እኮ፣ ውሃ ያጣች ጥንቸል ደግሞ መኖውን ትተዋለች፣ መብላት ካቆመች አንጀቷ ስራ ያቆማል፣ ከዛ በኋላ ማዳን ከባድ ነው።

ያልወደድኩት ጎማውን ነው፣ ውስጡን ስለሚያሳይ ብርሃን ይገባና አረንጓዴ አልጌ ይይዛል፣ ለምን ጥቁር እንዳላደረጉት አይገባኝም። ቫይታሚን በውሃ ምትሰጡ ከሆነ ደሞ ሲያልቅ በንጹህ ውሃ እጠቡት፣ ዝቃጩ ፒኗ ላይ እየተጣበቀ ይደፍናታል።

ለዶሮ ከ5 ኮከብ 4፣ ለጥንቸል ባለበት ሁኔታ 2፣ በብረት ኒፕል ከሆነ 4።