ፈረሴን በልኩ ለተመኑልኝ ጋሼ

ዳማው ባለፈው ሳምንት ተሸጠ። ሲሄድ አለቀስኩ፤ እሱ የራሴ ጣጣ ነው። ይህን የምጽፈው ዋጋውን ስለተመኑልኝ ሰው ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለለመኑኝ «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ድሮም የምጠራቸው እንደዚያ ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ ድረሳዥ ማለት ፈረስና ፈረሰኛ በአሸዋ ሜዳ ላይ፣ ለተመልካች በማይታይ ምልክት እየተግባቡ፣ የታዘዘውን እንቅስቃሴ በልኩ የሚሠሩበት ግልቢያ ነው። ዳኛ ለእያንዳንዱ ከ10 ነጥብ ይሰጣል። እኔ ለራሴ ደስታ የምጋልብ አማተር ነኝ። ሥራ አለኝ፣ ልጆች አሉኝ፣ ወገቤም የድሮው አይደለም። ዳማው ከባዝራዬ ተወልዶ እጄ ላይ ያደገ ነው። 5 ዓመት ሲሞላው ሁለት ፈረስ መያዝ ከአቅሜ በላይ ሆነና አንዱ መሸጥ ነበረበት።

ጭንቁ ዋጋው ላይ ነበር። መኪና ቢሆን ሞዴሉንና የሄደበትን ኪሎሜትር አይታችሁ ትገምታላችሁ። ወጣት ፈረስ ስትሸጡ ግን የምትሸጡት ገና ያልሠራውን ነው። አንድ ነጋዴ መጥቶ ዞር ዞር ብሎ አየውና አንገት የሚያስደፋ ዋጋ ጠራልኝ። ሶምሶማው ትንሽ ነው አለ። አንድ ወዳጄ ደግሞ የአባቱን ዘር ሲሰማ ዓይኑ በራ፤ የነጋዴውን ሦስት እጥፍ አለኝ። ለምን ያን ያህል እንዳሉ ስጠይቃቸው ሁለቱም ትከሻቸውን ነቀነቁ። እኔ ደግሞ አምስት ዓመት ያወጣሁትን ሁሉ ደምሬ፣ ትንሽ ትርፍ ጣል አድርጌ፣ የራሴን ቁጥር ይዤ ተቀምጫለሁ።

ጋሼን የጠቆመችኝ የእንስሳት ሐኪሜ ናት። ስደውል ስለ ፈረሱ ከመጠየቃቸው በፊት ስለ ክፍያው ነገሩኝ። «የምቀበለው ቁርጥ ነው። በስንትም ይሸጥ፣ ባይሸጥም፣ ያው ነው። ፐርሰንት አልወስድም።» ፈረስ ሸጦ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በዚህ ገበያ ደላላው ከሻጩም ከገዢውም፣ አንዱ ሳያውቅ፣ የሚቆርጥበት ጊዜ አለ። ፐርሰንት የሚጠብቅ ሰው የሚነግራችሁ ዋጋ የፈረሱ ነው ወይስ የእሱ ድርሻ? መለየት ይከብዳል።

ቀጥለው ትእዛዝ ሰጡኝ። ከመምጣታቸው በፊት ዳማው ሦስት ቀን እንዳይጋለብ። መስክ ይውጣ፣ ሥራ ግን አይኑረው። ደነገጥኩ። ያረፈ ወጣት ፈረስ ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ።

በቀኑ በጠዋት ተነስቼ አጠብኩት። ጋማውን ጎነጎንኩት፣ ሰኮናውን ቀባሁት። ጋሼ ከመኪናቸው ሲወርዱ አዩትና «ሠርግ አለው እንዴ?» አሉ። ጭቃ ቢኖርበት ይሻላቸው ነበር። ፈረሱ ሲቦረሽ፣ ኮርቻ ሲጫንበት፣ ልጓም ሲገባለት ምን እንደሚል ማየት ፈልገው ነበር የመጡት። እኔ ያን ሁሉ ጨርሼ ጠበቅኳቸው። ኮርቻውን አስወርደው ከመጀመሪያው አስጀመሩኝ።

ለማሳየት ብዬ የጠራሁት ጎበዝ ጋላቢ ቆቡን አጥልቆ ተዘጋጅቷል። «እሱ ይቆይ። አንቺ ውጪበት።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ያን ያህል…»

«ለዚያ ነው። የሚገዛው እንዳንቺ ያለ ሰው ነው። ጎበዝ ሲቀመጥበት የማያምር ፈረስ የለም።»

ወጣሁ። ዛቡን አርዝሜ በእርምጃ ብቻ እንድዞር አዘዙኝ። ጋሼ አጥሩን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጀመሪያ የደከማቸው መስሎኝ ነበር። ጣታቸውን ሳየው እንጨቱን ይመታል፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የፈረስ እርምጃ አራት ምት አለው፣ ሶምሶማ ሁለት፣ ደንገላሳ ሦስት። በእርምጃው አራቱ ምቶች እኩል ካልተራራቁ፣ በተለይ ፈረሱ በአንድ ጎን ያሉትን ሁለት እግሮች አብሮ ማንሳት ከጀመረ፣ ዳኛ አይምርም። ለማስተካከልም አስቸጋሪ ነው። ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ሜዳው ውስጥ ገቡና አሸዋው ላይ ቁጢጥ አሉ። የፊት ኮቴው ካረፈበት አሻራ የኋላው ምን ያህል አልፎ እንደወደቀ በስንዝር ለኩ። አንድ ስንዝር ሙሉ፣ ከዚያም ትንሽ። «ሶምሶማን ያሠለጥኑታል» አሉኝ ቀና ብለው። «እርምጃና ደንገላሳ ግን ሲፈጠር ይዞት የሚመጣው ነው። ነጋዴሽ የሚሠለጥነውን አይቶ ናቀው፤ የማይሠለጥነውን አላየም።»

በዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን የወጣት ፈረሶች ውድድር አምስት ነጥብ እንደሚሰጥ ያኔ ነው ያስረዱኝ። አንድ አንድ ለእርምጃ፣ ለሶምሶማና ለደንገላሳ፣ አንድ ለመታዘዝ፣ አንድ ደግሞ ወደፊት ላለው ተስፋ። «ለባለሙያ የምትሸጪ ከሆነ ተስፋው ነው ዋጋው። ለአማተር ከሆነ መታዘዙ ነው። ስለዚህ ወረቀቱን እገለብጠዋለሁ።» ገለበጡት። ባዝራዬን ከአጠገቡ አስወስደው ብቻውን ተዉት። ትራክተር በአጥሩ ሥር አስነዱ። እኔ ኮርቻው ላይ እያለሁ ደግሞ፣ ሳይነግሩኝ፣ ጃንጥላ ቷ አድርገው ከፈቱ። ዳማው አንድ እርምጃ ወደ ጎን ዘለለ። ጆሮው ቀጥ አለ። ከዚያ አንገቱን አስግጎ ጃንጥላውን ሊያሸት ሄደ። ልቤ ከእሱ በላይ ይመታ ነበር። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ። መፍራቱን ሳይሆን ፍርሃቱ ስንት ሰኮንድ እንደቆየ ነበር የሚይዙት።

ለጎበዙ ጋላቢ ተራ የሰጡት መጨረሻ ላይ ነው፤ አሥር ደቂቃ ብቻ። በአየር ላይ የእግር ለውጥ፣ ማለትም በደንገላሳ መሐል የሚመራውን እግር መቀየር፣ ሊያሳያቸው ሲል አስቆሙት። በዚያው ፌዴሬሽን ውድድር እንኳ ይህ የሚጠየቀው ከ6 ዓመት ጀምሮ ነው። የፈረስ የጀርባ አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ወደ 6 ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ከዕድሜው በላይ የሚያውቅ የ5 ዓመት ፈረስ ሲያጋጥማቸው ዋጋ ከመጨመር ይልቅ እግሩን መፈተሽ እንደሚቀናቸው ነገሩን።

ስለ ዘሩ አንስቼ ነበር። ሰሙኝ፣ ግን ብዙ አልደነቃቸውም። ቶቲላስን አስታወሱኝ። በ2009 (እንደ አውሮፓውያን) በድረሳዥ ከ90 በመቶ በላይ ያመጣ የመጀመሪያው ፈረስ ነው። በ2010 በዓለም ሻምፒዮና ሦስት ወርቅ ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ተሸጠ፣ ፈረሰኛውም ተቀየረ። ከዚያ በኋላ አንድም የዓለምም ሆነ የኦሊምፒክ ወርቅ አላገኘም። «ለማን እንደሚሸጥ ሳላውቅ የፈረስ ዋጋ አልጠራም» የሚሉት ለዚህ ነው።

ከዚያ ከባዱ ወሬ መጣ። የራሴን ቁጥር ነገርኳቸው፤ እንዴት እንደደረስኩበትም። መኖው፣ የኮቴ ሠሪው፣ ሐኪሙ፣ ሥልጠናው፣ ሁሉም በደረሰኝ። ወረቀቱን እንኳ አልተቀበሉኝም። «ገዢ ፈረሱን ነው የሚገዛው፣ ደረሰኝሽን አይደለም።» ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አምስት ዓመት እኮ ነው! ግን ከነጋዴው ይልቅ እኔ ራሴ ከእውነቱ ርቄ ነበር።

ያስገደዱኝ ሌላው ነገር ራጁ ነው። ማስታወቂያ ከማውጣቴ በፊት እንዲነሳ አሉ። ተነሳ፤ የኋላ እግሩ ቁርጭምጭሚት ላይ ትንሽ የላላች የአጥንት ስባሪ ታየች። በወጣት ፈረሶች የሚያጋጥም ነገር ነው፤ አያነክስም፣ መገጣጠሚያውም አላበጠም። ዝም ብዬ ልለፈው ብዬ አስቤ ነበር። ጋሼ ስልኩን ሊዘጉብኝ ደረሱ። የገዢው ሐኪም ማግኘቱ አይቀርም፤ ያኔ የሚቀነሰው ስለ ስባሪዋ ብቻ አይሆንም፣ ስለ ሌላው ነገር ሁሉም መጠርጠር ይጀምራሉ። ስለ እሷ ትንሽ ቀንሰው፣ ራጁ ከማስታወቂያው ጋር እንዲያያዝ አደረጉ።

በመጨረሻ የሰጡኝ አንድ ዋጋ አይደለም፣ ሦስት ነው። ማስታወቂያው ላይ የሚጻፈው፣ ስሸጥበት ደስ የሚለኝ፣ ከዚያ በታች የማልወርደው። ሦስተኛውን ለማንም፣ ለባለቤቴም ጭምር፣ እንዳልናገር አስማሉኝ። ከነጋዴው በእጅጉ ይበልጣል፣ ከወዳጄ ግምት በእጅጉ ያንሳል። ከጎኑ አንዲት መስመር አለች፦ «ሁለት ወር ካለፈ ዋጋውን እንጂ ገዢውን አትውቀሺ።» ፈረስ ቆሞም እንደሚበላ ረስቼ ነበር።

እንከናቸውን ካልተናገርኩ ምስጋናዬ ማስታወቂያ ይመስላል። የእጅ ጽሑፋቸው አይነበብም፤ ሁለት ሰው ሰብስቤ ነው ያስነበብኩት። ቀጠሮ ላይ አንድ ሰዓት አርፍደዋል። ነገር አያለሳልሱም። አቀማመጤን አይተው የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ገዢዋ በአምስተኛው ሳምንት መጣች። ከወደቀች በኋላ ለዓመታት ኮርቻ ላይ ያልወጣች ሴት ናት። ራጁን አስቀድማ ለሐኪሟ አሳይታ ነበርና ስለ ስባሪዋ አንድም ጥያቄ አልነበራትም። እርካቡ ላይ ስትወጣ እጇ ይንቀጠቀጣል። ዳማው ቆሞ ጠበቃት። ሁለት ዙር በእርምጃ እንደሄዱ ረጅም ትንፋሽ አወጣ፤ እሷም አብራ ተነፈሰች። ዋጋ ስንነጋገር ብዙ አልተከራከርንም። በአንደኛውና በሁለተኛው ቁጥር መሐል ተስማማን። ትናንት ቪዲዮ ላከችልኝ፤ ዝናብ ላይ፣ ብቻቸውን፣ በደንገላሳ።

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይህን እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ልጅዎ ታነብልዎታለች።

ወጣት ፈረስ ልትሸጡም ልትገዙም ያሰባችሁ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ ስልካቸውን እሰጣለሁ። ለገዢም ይሠራሉ፣ ግን ለአንድ ፈረስ ለሁለቱም ወገን አይሠሩም። ቴክስት አትላኩላቸው፣ ደውሉ። ሲመጡ ደግሞ ፈረሱን አትጠቡት።