ብሽሽትን የማይረሳ ሥልጠና፦ ሆኪ ተጫዋችን ከበረዶ ውጭ ማጠንከር

የበረዶ ሆኪ ተከላካይ ነኝ። ውድድር በማይኖርበት ወቅት ለሆኪ ተጫዋቾች ብቻ የተዘጋጀ የጥንካሬና የአካል ብቃት ሥልጠና ወስጄ ጨርሻለሁ። ገንዘብ ሊወጣበት ይገባል ወይ ለሚለኝ ሰው መልሴ አዎን ነው። በረኛ የሆነ ሰው ግን ከታች የምለውን ሳያነብ አይመዝገብ።

በመጀመሪያው ሳምንት ክብደት የሚባል ነገር አልነካንም። አሰልጣኙ እያንዳንዳችንን በጀርባ አስተኝቶ በጉልበቶቻችን መካከል የኃይል መለኪያ አስገባና በሙሉ አቅማችን እንድንጨምቅ አዘዘን፤ ቀጥሎ እግራችንን ወደ ውጭ አስገፋን። የእያንዳንዳችንን ሥራ የመደበው ሁለቱን ቁጥሮች አነጻጽሮ ነው። ምክንያቱን ሲያስረዳ በፕሮፌሽናል ሆኪ ተጫዋቾች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ ጥናት ጠቀሰልን፦ የውስጥ ታፋቸው ጥንካሬ ከውጭኛው የዳሌ ጡንቻ ጥንካሬ 80 በመቶ በታች የነበረ ተጫዋቾች የውስጥ ታፋ ጡንቻቸው የመጎዳት ዕድሉ 17 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። በበረዶ ላይ ፍጥነት የሚገኘው እግርን ወደ ጎን በመግፋት ነው። የተዘረጋውን እግር ገትቶ ወደ መሐል የሚመልሰው ደግሞ ይኸው የውስጥ ታፋ ጡንቻ ነው፤ በተራ ጂም ውስጥ ግን ማንም አያስታውሰውም። እዚህ በየሳምንቱ ኮፐንሃገን የሚባለውን እንቅስቃሴ ሠርተናል፦ በጎን ተጋድሞ፣ የላይኛውን እግር አግዳሚ ወንበር ላይ አሳርፎ፣ ሰውነትን በዚያ እግር ኃይል ከመሬት ማንሳት። ጀማሪው ጉልበቱን ያሳርፋል፤ ሲጠነክር ቁርጭምጭሚቱን። ሥልጠናው ሌላ ምንም ባይኖረው እንኳ ለዚህ ብቻ እመሰክርለት ነበር።

የክብደቱ ሥራ አብዛኛው በአንድ እግር ነው፤ የኋላውን እግር ወንበር ላይ አድርጎ ስኳት (ጉልበትን አጥፎ ዝቅ ብሎ መነሳት) መሥራት፣ ክብደት የተጫነበትን ተንሸራታች መግፋት፣ ከባድ ኳስ በወገብ ዞሮ ግድግዳ ላይ መወርወር። አሰልጣኙ ደስ ያሰኘኝ እንቢ ባለው ነገር ጭምር ነው። አንዳንዶቻችን በዱላችን ላይ ክብደት አስረን መምታት እንድንለማመድ ስንጠይቀው አልፈቀደም። እሱ የሚሰጠን ጥንካሬ እንደሆነ፣ የምት ጥበብ ግን በበረዶ ሜዳው ላይ እንደሚሠራ በትዕግሥት አስረዳን። ይህን መለየት የሚችል አሰልጣኝ ብዙ አይገኝም።

ለትንፋሽ ረጅም ሩጫ አላስሮጡንም። ተጫዋች በአንድ ተራ ሜዳ ላይ የሚቆየው ከ45 ሰከንድ እስከ አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ከዚያ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ተራውን ይጠብቃል። ልምምዱም በዚሁ ልክ የተሰፋ ነው፦ ቋሚ ብስክሌት ላይ ባለ በሌለ ኃይል 30 ሰከንድ፣ ከዚያ በቂ ዕረፍት፣ ከዚያ እንደገና። ዕረፍቱን የሚያሳጥረውን ሰው አሰልጣኙ ይቆጣው ነበር፤ ያላረፈ ሰውነት ፍጥነት አያሠለጥንምና። ውድድር ሲጀመር ለውጡን ያየሁት በጨዋታው ሦስተኛና መጨረሻ ክፍለ ጊዜ ነው፤ ወደ ራሳችን ጎል ዞሬ አጥቂን ስከተል እግሬ አልከዳኝም።

ጉድለቶቹንም ልናገር። በጎን እየተገፋ የሚሠራበት ለስላሳ የመንሸራተቻ ሰሌዳ ለሆኪ ተጫዋች እጅግ የሚጠቅም መሣሪያ ሆኖ ሳለ ለቡድናችን አልበቃም፤ ቆመን የጠበቅንበት ጊዜ ከሠራንበት በልጧል። ለውድድር ወቅት የሰጡን ዕቅድም ደካማ ነው፤ ጨዋታ ባለበት ሳምንት የትኛው ቀን ከባድ፣ የትኛው ቀላል እንደሚሆን አይናገርም።

የከፋው የበረኞች ጉዳይ ነው። በረኛ በጉልበቱ ወርዶ እግሮቹን ወደ ሁለት ጎን ሲዘረጋ የታፋው አጥንት በዳሌው ውስጥ ወደ ውስጥ ይዞራል፤ የእሱ ዳሌ ከእኛ የተለየ ዝግጅት ይፈልጋል። አሠልጣኞቹ ግን የእኛኑ የልምምድ ዕቅድ ሰጡት። አብሮን የሠለጠነው በረኛ ጥልቅ ስኳት ሲወርድ ዳሌው ፊት ለፊት እንደሚወጋው ቢናገርም ክብደቱን ቀንሶ እንዲቀጥል ብቻ ነገሩት፤ ምን ያህል ዝቅ ማለት እንዳለበት የመረመረለት አልነበረም። ለበረኞች የተለየ ዕቅድ እስኪያወጡ ድረስ የቡድኔን በረኛ ወደዚያ አልልክም።