ባለ ስምንት ክር ስቲል ጊታሬ፦ ዘጠኝ ወር ጅማ ላይ

ጭን ላይ ተጋድሞ በብረት የሚጫወቱትን ስቲል ጊታር ከያዝኩ ዘጠኝ ወር ሆነኝ። ባለ ስምንት ክር ነው። ከዚያ በፊት ለሦስት ዓመት በተራ ጊታር ተለማምጃለሁ፤ ክሮቹን ከአንገቱ ከፍ አድርጌ፣ ጭኔ ላይ አጋድሜ። ስለዚህ ስድስቱንም ስምንቱንም አውቃቸዋለሁ። «ስንት ክር ያለውን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዛ ስላለ፣ ያየሁትን ልጻፍ።

ከቅኝቱ ልጀምር። ስቲል ጊታር ላይ ክሩን በጣት ፍሬት (አንገቱን የሚያቋርጠው መስመር) ላይ መጫን የለም። ብረቱ ክሮቹን በሙሉ አንድ መስመር ላይ ይነካቸዋል። ስለዚህ ክሮቹን የቃኘህበት ድምፅ ራሱ ኮርድህ፣ ማለትም አብረው የሚሰሙት ድምፆች፣ ነው። እኔ የምጠቀመው ሲ ሲክስ የሚባለውን ነው። በስድስት ክር ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ፣ ሲ፣ ኢ ይሆናል። አሁን ትዝታ ሜጀርን አስቡት፦ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ። ከአምስቱ ድምፅ አራቱ ምንም ሳይነኩ ባዶ ክሩ ላይ አሉ! የጎደለችው ዲ ብቻ ናት። እሷም ሲ ክር ላይ፣ ሁለተኛው ፍሬት ጋ ትገኛለች። ይህን ያስተዋልኩ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ታዲያ ስምንቱ ምን ጨመረልኝ? ከታች ወፍራም ኤ፣ ከላይ ቀጭን ጂ። በቃ። መሃል ያሉት ስድስቱ ድሮ የማውቃቸው ናቸው። ግን ያቺ የታችኛዋ ኤ ብዙ ነገር ቀይራለች። ባቲ ማይነርን ከኤ ስትጀምረው ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው። ድምፆቹ የትዝታው ናቸው፤ የተቀየረው ማረፊያው ነው። በስድስት ክር ስጫወት ዜማው የሚያርፍበት ወፍራም ድምፅ አልነበረኝም፤ አየር ላይ ይቀር ነበር። አሁን አውራ ጣቴ ኤዋን ይዞ ይቆያል፣ ዜማው ከላይ ይሄዳል። ዘፋኝ ማጀብ የጀመርኩትም ከዚህ በኋላ ነው።

አንቺ ሆዬ ላይ ግን የክር ብዛት ምንም አይረዳም። ግማሽ ድምፆቹ ከኮርዱ ጋር አይስማሙም፤ አንድ ክር ላይ እያንሸራተቱ መሄድ ነው። እዚያ አስተማሪዬ ማሲንቆ ነው። ጎረቤቴ የሆኑ አንድ አዛውንት ማሲንቆ ይጫወታሉ። በመጀመሪያው ወር ስቲል ጊታሬን ይዤ ቤታቸው ሄጄ ተጫወትኩላቸው። ብረቱን ባንቀሳቀስኩ ቁጥር ያልመታኋቸው ክሮች ሁሉ ያጉረመርማሉ። ጋሼ ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጄ፣ አንዱን ስትመታ ሰባቱን ዝም ማሰኘት ልመድ» አሉኝ። ትልቁ ሥራ እሱ ነበር። የክራር ተጫዋች የማይፈልገውን ክር በግራ ጣቶቹ ያፍናል። እዚህ ግን የሚያፍነው የቀኝ መዳፍ ጠርዝ ነው። በስድስት ክር ሁለት ሳምንት የፈጀብኝ ነገር በስምንት ሁለት ወር ፈጀብኝ። ገና ጀማሪ ከሆንክ ይህን አስብበት።

ባለ ስምንት ክር እሽግ ጅማ ውስጥ አግኝቼ አላውቅም። የተራ ጊታር ሁለት እሽግ ገዝቼ አሰባጥራለሁ። ለታችኛዋ ኤ ከእሽጉ ስድስተኛውን፣ 0.042 ኢንች የሆነውን ወፍራሙን ክር አስራለሁ። የኔው የክር ርዝመት 22.5 ኢንች ስለሆነ፣ ከተራ ጊታር ስለሚያጥር፣ ልኩ ይመጣል። ወጪው ግን እጥፍ ነው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ይብሳል። የጅማን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ክር ቶሎ ይዝጋል። ከተጫወትኩ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ ብረቱን የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አስነካዋለሁ። አብሮ የመጣው ብረት አጭር ስለነበር ስምንቱን በቅጡ አይሸፍንም። ቶርኖ ቤት ሄጄ 8 ሳንቲሜትር ተኩል አስቆረጥኩ፤ አንዱን ጫፍ አድቦልቡለው፣ አለስልሰው ሰጡኝ። ከዕቃው ሁሉ በጣም የምወደው እሱን ነው።

አቀማመጥም አለው። የጅማ በርጩማ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ ከፍ ስለሚል መሣሪያው ወደ ሆዴ ይንሸራተታል። ከፍ ያለ ወንበር ተሻለኝ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው የኤሌክትሪክ ዕቃ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ድሮው ጊታር እመለሳለሁ።

የላይኛዋ ጂ ነገር አላማረኝም ነበር። ብዙ አልነካትም፣ ቶሎ ቶሎ ግን ትበጠሳለች። እንደ በገና አሥር ክር ያለውን ፔዳል ስቲል (የክሮቹን ድምፅ በእግር መርገጫ የሚቀያይሩበትን ስቲል ጊታር) የሚጫወቱ ሰዎች ኢ ናይን ቅኝት ላይ አንድ ዘዴ አላቸው። ዳር ያሉት ሁለት ክሮች ከሦስተኛው ክር ዝቅ ያለ ድምፅ ነው የሚሰጡት፤ በተራ አልተደረደሩም። በሰባተኛው ወር ይህን አሰብኩና ጂን አውጥቼ በቦታዋ ዲ አሰርኩ፤ የተራ ጊታር ሁለተኛ ክር በቂ ነው። ዳር ስላለች ኮርዱን አትረብሽም። ስፈልጋት ግን እጄ ሥር ናት።

ስለዚህ የምጠየቀውን ልመልስ። ለጀማሪ ስድስት ክር ይበቃል፣ ክሩም ከየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ባቲ ለሚወድና ዘፋኝ ለሚያጅብ ስምንት። እኔ ስምንቱን አልለውጠውም። አሁን ብረቱን ሳላነሳ በፊት ክሮቹን አንድ በአንድ ስነካቸው፣ የትዝታ አምስቱም ድምፆች አሉ።