የሃይሉክሳችንን መሪ አደብ ላስገዙት የአዳማ መካኒክ

ወደ ወንጂ በሚያስወጣው መንገድ በኩል አነስተኛ ጋራዥ ያላቸውን አንድ አዛውንት መካኒክ በአደባባይ ማመስገን ካሰብኩ ቆይቻለሁ። ስማቸውና ስልካቸው እንዲወጣ አልፈቀዱም። «የሚፈልገኝ ሰው አንቺን ይጠይቅ» ስላሉኝ ቃላቸውን አከብራለሁ። በአዳማና በአካባቢዋ አሮጌ ፒካፕ የምትነዱ ሁሉ ግን ሥራቸውን እንድታውቁላቸው እፈልጋለሁ።

መኪናችን በፈረንጆቹ 1994 የተሠራ ቶዮታ ሃይሉክስ ነው። ከመልካሳና ከወንጂ ማሳዎች ሽንኩርትና ቲማቲም እናመላልስበታለን፤ የቤታችን እንጀራ በእርሱ ላይ ነው። መሪው ላልቶ ከርሞ ነበር። ሦስት ጣት ያህል ወዲያና ወዲህ ሳዞረው ጎማው ንቅንቅ አይልም፤ ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እንኳን እጄ አያርፍም ነበር። ጭነት ይዤ ከኢተያ ወደ ዴራ ቁልቁል ስወርድ ልቤ በአፌ ልትወጣ ትደርሳለች። የፊት ጎማዎቹም በአንድ ጠርዛቸው ተልጠው አለቁ።

ከዚያ በፊት ያየው ሌላ ባለሙያ የመሪውን ሳጥን ማስተካከያ ብሎን አጥብቆ ሰደደን። ልልነቱ የቀነሰ መሰለ፤ መሪው ግን ከታጠፈ በኋላ በራሱ አልመለስ አለ፣ መሃል ላይም መያዝ ጀመረ። ቀጥሎ «ሳጥኑ በሙሉ ይቀየር» ተባልን። የተጠራልን ዋጋ የሚቀመስ አልነበረም።

ጋሼ በመጀመሪያ ያደረጉት ያንን ብሎን ወደ ልኩ መመለስ ነው። ከዚያ ረዳታቸውን መሪው ላይ አስቀምጠው፣ ጎማዎቹ መሬት እንደረገጡ፣ ግራና ቀኝ በትንሹ እንዲነቀንቅ አዘዙት። ለእኔ ካርቶን አንጥፈው ከመኪናው ሥር አስገቡኝ። «እጅሽን እዚህ አድርጊ፣ ልጄ» እያሉ ጣቶቼን በየመገጣጠሚያው ላይ አስቀመጡ። በራሴ ጣት ዳሰስኩት። ከመሪው ሳጥን የሚወጣው ክንድ ደህና ነው። በቀኝ በኩል መካከለኛውን ዘንግ የሚደግፈው አይድለር አርም የሚባለው ክንድ ግን ቡሺንጉ (የውስጥ ማቀፊያው) ተበልቶ መሪው በተነቀነቀ ቁጥር ወደ ላይና ወደ ታች ይዘላል። ከአራቱ ቴስቲናዎች (በመሪ ዘንጎቹ ጫፍ ካሉት ባለኳስ መገጣጠሚያዎች) ሦስቱ ላስቲካቸው ተቀዷል። የገባው አቧራ ከግሪሱ ጋር ተለውሶ ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቀው ኖሯል። የአዳማን ነፋስና የአገዳ ማሳ መንገዶችን ለሚያውቅ ሰው ይህ አያስገርምም።

አራተኛው ቴስቲና ጤነኛ ነበር። «ብትተዪው መብትሽ ነው። ዕድሜው ግን ከእነዚህ እኩል ነው፤ እሱ ባለቀ ቀን ለአላይመንት፣ ለጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ፣ እንደገና ትከፍያለሽ» አሉኝ። አራቱንም አስቀየርኩ። ምክንያቱ ተነግሮኝ የወሰንኩት በመሆኑ ገንዘቡ አልቆጨኝም።

መለዋወጫውን ከሱቅ ገዝቼ ስመጣ እያንዳንዱን ቴስቲና በእጃቸው እየነቀነቁ ፈተኑት። አዲስ ቴስቲና ኳሱ ከበድ ብሎ መንቀሳቀስ አለበት። አንዱ ገና ከካርቶኑ ሲወጣ ልል ሆኖ ስላገኙት እንድመልሰው አደረጉ። ማሸጊያው ከሌሎቹ አይለይም ነበር፤ እኔ ብሆን አልፈው ነበር።

አሮጌዎቹን በመዶሻ ከመነረት ይልቅ በመንቀያ አላቀቋቸው። የአላይመንቱ ልክ ከመጠን በላይ እንዳይዛባ እያንዳንዱ ስንት ዙር እንደወጣ ቆጥረው አዲሱን በዚያው ልክ አስገቡ። ዳዶው ከመቆለፊያ ሽቦው ቀዳዳ ጋር አልገጥም ሲል ወደፊት ያጠብቁታል እንጂ ወደ ኋላ አያላሉትም። ረዳታቸው አሮጌውን መቆለፊያ ሽቦ አቃንቶ ሊከት ሲል ከእጁ ተቀብለው ጣሉት። «የሰው ነፍስ የያዘችው ይህች ሽቦ ናት» አሉት፤ አልተቆጡትም፣ ግን ልጁ አዲስ ሽቦ ለማምጣት ሲሮጥ አየሁ።

የእጅ ዋጋቸውን ገና ሳይጀምሩ ነግረውኝ ነበር፤ ሲጨርሱም አንድ ብር አልጨመሩም። የተቀየሩትን ዕቃዎች በሙሉ በካርቶን አድርገው አስረከቡኝ።

የአላይመንት ማሽን የላቸውም። «ሳትጭኚ በቀጥታ ሄደሽ አስለኪ» ብለው ሌላ ቦታ ላኩኝ፤ እንዳሉኝም አደረግሁ። አሁን መሪው በትንሽ ንክኪ ይታዘዛል፣ ከታጠፈም በኋላ በራሱ ይመለሳል። የኢተያን ቁልቁለት ተረጋግቼ እወርደዋለሁ። ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ ጋሼ ቶሎ ቶሎ የሚሠሩ ሰው አይደሉም፤ አንድ መኪና ሳይጨርሱ ሌላ አይነኩም። ግቢው ጣሪያ ስለሌለው ዝናብ ሲመጣ ሥራ ይቆማል። ስለዚህ ማለዳ መድረስና ለቀኑ ጭነት አለመቀበል ይሻላል። ሥራቸው የመሪና የፊት እግር ነው፤ ለሞተር ጥገና ሌላ ሰው ፈልጉ። ቦታውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እጠቁማለሁ።